ምጣዱን እማማ ያሟሹት

«ሰላም ለዚህ ዓምድ አዘጋጅ። የ36 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ባሕር ዳር ሽምብጥ ነው። እኔም ባለቤቴም ደመወዝተኞች ነን። ሁለት ልጆች አሉን፣ የባለቤቴ እናትም አብረውን ይኖራሉ። ስድስተኛ ክፍል ያለችው ልጄ ትምህርት ቤት ስለ ካርቦን አሻራ፣ ማለትም አኗኗራችን ወደ አየር ስለሚለቀው ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ ተምራ ከመጣች ወዲህ ‹ከሰሉ ስንት ነው? ባጃጁስ?› እያለች ትጠይቀኛለች። ነገሩ ከነከነኝና በስልኬ አሻራ የሚያሰላ መተግበሪያ ጭኜ ሞላሁት። የሚጠይቀኝ ሁሉ ስለ አውሮፕላን ጉዞ፣ ስለ ቤት ማሞቂያና ስለ ልብስ ማድረቂያ ነው። ስለ ማገዶ አንድም ጥያቄ የለውም። እኛ እንጀራ የምንጋግረው በጉልቻ ነው፤ ቡና በቀን ሁለቴ በከሰል ይፈላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ እንግዛ ስል አማቴ ‹የመብራት እንጀራ ይደርቃል፤ ደግሞስ መብራቱ ሲጠፋ ሊጡን ምን ልታደርጊው ነው?› ብለው ተቆጡኝ። ባለቤቴ ያገለገለ ቪትዝ ለመግዛት ገንዘብ እያጠራቀመ ነው። ውጭ አገር ያለው ወንድሜ ደግሞ ‹ዓለምን ያቃጠሉት ሌሎች ናቸው፣ አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ› ይለኛል። እውነት ልፋቴ ከንቱ ነው? ካልሆነስ ከአማቴ ጋር ሳልጣላ ከየት ልጀምር?»

እኅቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ወንድምሽ ካለው ልነሳ፤ ግማሹ እውነት ስለሆነ ዘልዬው ማለፍ አልፈልግም። ከነዳጅ፣ ከድንጋይ ከሰልና ከተፈጥሮ ጋዝ ቃጠሎ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለዓለም ሕዝብ ሲካፈል ለአንድ ሰው በዓመት ወደ 4.7 ቶን ይደርሳል። የአንድ አሜሪካዊ ድርሻ 14 ቶን ገደማ ነው። የአንድ ኢትዮጵያዊ ግን 0.2 ቶን፣ ማለትም 200 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ዓለምን ያሞቃችሁት እናንተ አይደላችሁም ማለቱ ልክ ነው። ማታ ስትተኚ «ጥፋተኛ ነኝ» የሚል ሐሳብ የሚያስጨንቅሽ ከሆነ ዛሬውኑ ከትከሻሽ አውርጂው።

ነገር ግን ያ ቁጥር አንድ ነገር ሳይቆጥር ያልፋል። የሚመዝነው የነዳጅና የድንጋይ ከሰል ጭስ ነው። እማማ ጉልቻው ሥር የሚማግዱት እንጨት አይገባበትም፤ ቡና የሚፈላበት ከሰልም አይገባበትም። ስልክሽ ላይ ያለው መተግበሪያም የተሠራው ቤቱን በጋዝ ለሚያሞቅና በየዓመቱ በአውሮፕላን ለሽርሽር ለሚሄድ ሰው ነው። በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ልብስ ስለሆነ ባይሆንሽ አይግረምሽ። የወንድምሽ መልስም የስልክሽ መተግበሪያም ያላዩት አንድ ክፍል አለ፤ እሱም ማዕድ ቤትሽ ነው። እንደ እናንተ ባለ ቤት ውስጥ ካርቦኑ በአብዛኛው የሚወጣው ከዚያ ነውና መጀመር ያለብሽም ከዚያው ነው።

አብዛኛው የአገራችን ቤተሰብ ዛሬም የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰልና በኩበት ነው። ለምግብ ማብሰያ ከሚውለው ማገዶ ደግሞ ከግማሽ በላዩን የሚበላው እንጀራ ነው። ምጣዱ ሰፊ ነው፤ ሸክላው ሙቀት እስኪጠጣ ጊዜ ይወስዳል፤ በሦስት ጉልቻ ላይ ሲሆን እሳቱ በየጎኑ እየወጣ የጋጋሪዋን እግርና ግድግዳውን ያሞቃል እንጂ ግማሹም ምጣዱ ላይ አይደርስም። ጉልቻ ላይ የጋገረች ሴት ሁሉ ይህን በቁርጭምጭሚቷ ታውቀዋለች።

እንጨት ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ዛፉ ሲያድግ ከአየር የሰበሰበው ነው። በተቆረጠው ቦታ ሌላ ዛፍ ካደገ ቀስ በቀስ መልሶ ይሰበስበዋል። ካላደገ አየር ላይ ይቀራል። ስለዚህ የማገዶ ጥያቄ ዋናው «እንጨት ነደደ ወይስ አልነደደም?» የሚለው አይደለም፤ «ቦታው ላይ ምን በቀለ?» የሚለው ነው። በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ያሉ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ በማሳቸው ይተክላሉ፤ ችግኙ ትንሽ ሳለ በመሐሉ ጤፍ ይዘራሉ፤ በአራትና በአምስት ዓመቱ ቆርጠው ያከስሉትና መሬቱን አርሰው እንደገና ይተክላሉ። ያ ከሰል ከተፈጥሮ ደን ተጨፍጭፎ ከመጣ ከሰል ጋር አንድ አይደለም። ከሰል ስትገዢ ሻጯን «ከየት የመጣ ነው?» ብለሽ ጠይቂያት። አብዛኞቹ ያውቁታል፤ ገዢው ሲደጋግም ከጠየቀም መልሱ ዋጋ ያገኛል።

ይሁንና የተተከለውም ቢሆን ከሰል አባካኝ ነው። እንጨቱ በአፈር ተዳፍኖ ለቀናት ሲጨስ አንድ ኪሎ ከሰል ለማውጣት ከአምስት ኪሎ የማያንስ እንጨት ይፈጃል፤ ብዙ ጊዜ ከዚያም ይበልጣል። ከክምሩ የሚወጣው ጭስ ውስጥ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ይልቅ አየርን አብዝቶ የሚያሞቀው ሚቴንም አለበት። አንቺ ማንደጃው ላይ የምታዪው ጥርት ያለ ፍም ጭሱን ሩቅ አገር ጥሎት የመጣ ነው።

ሐይቁ ዳር ስለምትኖሪ ደግሞ የዛፉ ጉዳይ ለሌላው ከተማ ሰው ከሚሆነው በላይ ለአንቺ ቅርብ ነው። ከዘጌ ማገዶ ጭነው የሚመጡትን የደንገል ታንኳዎች ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃቸዋለን። ቡናው በጥላው ሥር የሚበቅለው፣ ገዳማቱን ከበው የቆሙት ዛፎች ናቸው የከተማችንን ምድጃ ሲያሞቁ የኖሩት። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ በክረምት ደፍርሰው ወደ ጣና ሲገቡ የሚያመጡት አፈርም ከላይ ዛፍ ካጣው ተዳፋት የታጠበ ነው። ደለሉ ሐይቁን ይሞላል፤ ይዞት የሚመጣው ማዳበሪያ ደግሞ እምቦጩን ይቀልባል። ልጅሽ «አሻራ» ስትል ስለ ሰማይ ብቻ የምታወራ እንዳይመስላት ይህን ንገሪያት፤ ከቻልሽም በክረምት ወደ ውኃው ዳር ወስደሽ የቀለሙን ለውጥ አሳያት።

አሁን ወደ ምጣዱ። የአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውኃና ከነፋስ የሚመነጭ ነው፤ በዚህ በኩል ከብዙ ሀብታም አገሮች እንሻላለን። ጀርመን አገር ያለች ሴት የኤሌክትሪክ ምድጃዋን ስታበራ የሆነ ቦታ የድንጋይ ከሰል ሊነድ ይችላል። አንቺ ምጣድሽን ስትለኩሺ ግን የሚዞረው የውኃ ተርባይን ነው፤ ውኃውም እሑድ እሑድ ልጆችሽን ይዘሽ ዳሩ ላይ የምትቀመጪበት ጣና ሊሆን ይችላል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው ጣና በለስ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ ከሐይቁ ውኃ ወስዶ በአራት ተርባይኖች 460 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ግድብ ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ እዚያ የሚደርሰው ዓባይም ከዚሁ ከከተማችን ሥር የሚወጣው ነው። እንግዲህ በእናንተ ቤት አንድ ነገር ብቻ የመለወጥ ዕድል ቢኖርሽ፣ ከጉልቻ ወደ ኤሌክትሪክ ምጣድ መዞር ነው የምልሽ። ከሱ ቀጥሎ የምዘረዝረው ሁሉ ተደምሮ እሱን አያክልም።

ግን አማትሽ አሉ፤ ተቃውሟቸውም ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም።

የእናቴን ላጫውትሽ። እናቴ ዕድሜዋን በሙሉ ዘንዘልማ በጭስ ስትጋግር ኖራ ከእኔ ጋር ስትኖር ምጣድ ገዛሁላት። አንድ ዓመት ሙሉ ከነካርቶኑ አልጋ ሥር ተቀመጠ። በጠየቅኋት ቁጥር «እጄ አያውቀውም» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ስለ ጭሱ፣ ስለ ዓይኗ፣ ስለ ሳሏ እየነገርኩ ስወተውታት እሷ እየባሰባት ሄደች። በኋላ አክስቴ መጣችና ጉዳዩን ሰማች። «ምጣዱን አሟሽተሽ ስጪኝ ብለሻት ታውቂያለሽ?» አለችኝ። አላልኳትም። አዲስ ምጣድ ገዝቼ «ጋግሪበት» ነበር ያልኳት፤ እሷ ደግሞ በሕይወቷ ያላሟሸችው ምጣድ ላይ ሊጥ አፍስሳ አታውቅም።

በማግስቱ «እማ፣ ምጣዱን አሟሺልኝ፣ እኔ አልችልበትም» አልኳት። ምንም ሳትመልስ ጎመን ዘር አስመጣች። ዱካዋን አስጠግታ ተቀመጠች፤ ምጣዱ ቀስ እያለ ሲግል መዳፏን ከላዩ ላይ እያንዣበበች ጠበቀች። የተወቀጠውን ጎመን ዘር በተነችበትና በማሰሻው ጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር፣ ከዳር ወደ መሐል እያዞረች ታሸው ጀመር። ሸክላው ቀይ ነበር፤ ቡናማ ሆነ፣ ከዚያ ጠቆረ፣ ከዚያ ወዝ ያዘ። እየጠረገች፣ እንደገና እየበተነች ረፋዱን እዚያው ዋለች። የመጀመሪያው እንጀራ ተጣበቀ። ሁለተኛው ጠርዙ ተቀደደ። ሦስተኛው ላይ አክንባሎውን ስታነሳ ፊቷን ወደ እንፋሎቱ አስጠግታ አየችና «ዓይን አውጥታለች» አለች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ምጣዱ የሷ ነው፤ እኔ እንኳ ስነካው ደስ አይላትም።

እኅቴ፣ አማትሽ የሚፈሩት መብራቱን አይመስለኝም። እንጀራ መጋገር የሳቸው እጅ ያለበት ሥራ ነው። አዲሱ ዕቃ ሲመጣ እሳቸው ተማሪ፣ አንቺ አስተማሪ ልትሆኑ ነው፤ በገዛ ማዕድ ቤታቸው። ስለዚህ ካርቦን የሚለውን ቃል ከሳቸው ፊት ለጊዜው አታንሺው። ገዝተሽ አምጪና «እማማ፣ ያሟሹልኝ» በያቸው።

«ይደርቃል» ያሉትም እውነት አለው። እሳት ላይ የጋገረች ሴት ምጣዱ ሲግልባት ጭራሮውን ሳብ፣ ሲቀዘቅዝባት ገፋ ታደርጋለች። የኤሌክትሪኩ ምጣድ ግን ካላጠፉት መጋሉን አያቆምም፤ ከጥቂት እንጀራ በኋላ ከሚገባው በላይ ይግልና እንጀራውን ያደርቀዋል። እናቴ መፍትሔውን በሁለተኛው ሳምንት አገኘችው፦ አራት አምስት ከጋገረች በኋላ ታጠፋዋለች፣ በጋለው ሸክላ አንድ ሁለት ታወጣለች፣ መልሳ ትለኩሰዋለች። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት እንጀራዎች ሁልጊዜ የምትጋግረው መብራቱን አጥፍታ ነው። ክዳኑ ዙሪያውን ገጥሞ መቀመጥ አለበት፤ እንፋሎቱ ካመለጠ እንጀራውም ይደርቃል፣ ቆጣሪውም በከንቱ ይሮጣል። ምጣድ ብዙ ኃይል የሚበላው ከቀዝቃዛ ተነስቶ እስኪግል ነውና በየቀኑ አምስት አምስት ከመጋገር በሳምንት ሁለቴ በርከት አድርጎ መጋገር ይሻላል። ጎረቤትሽም ሊጥ ካላት ምጣዱ ሳይቀዝቅዝ ተከታትላችሁ ጋግሩ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲሆን ከ14 እስከ 18 አምፔር ማለት ነው። አምፖል ከሚሰካበት ቀጭን ሽቦ ላይ አይሰካም። የመብራት ሠራተኛ ጠርተሽ ከቆጣሪው ለብቻው ወፍራም መስመር ከነብሬከሩ አስዘርጊለት። የመሬት መስመሩንም አብሮ ይሥራው፤ ማዕድ ቤት እርጥብ ቦታ ነው፣ የእማማም እጅ ከሊጥ አይለይም። እኔ ይህን ሳላደርግ መጀመሪያ ሰክቼው ሶኬቱ ቀልጦ በእግዚአብሔር ቸርነት ነው የተረፍነው።

«መብራት ሲጠፋስ?» ላሉት መልሱ ምርጥ ምድጃ ነው። ከሲሚንቶና ከአሸዋ ተሠርቶ ምጣዱን ዙሪያውን የሚከበው፣ በየገበያው የሚሸጠው ማለቴ ነው። እሳቱን ከቦ ስለሚይዘው ከጉልቻው ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ይቆጥባል። መብራት በጠፋ ቀን የቦካው ሊጥ እዚያ ላይ ይጋገራል። ያን ቀን እንጨት ነደደ ብለሽ ደግሞ አትዘኚ፤ ከሰባት ቀን አንዱን እንጂ ሰባቱንም አላነደድሽም። ይህን ለምታነቡና ቤት ተከራይታችሁ ለምትኖሩም መናገር የምፈልገው ይህንኑ ነው። ቆጣሪው የጋራ ስለሆነ አከራያችሁ ምጣድ እንደማይፈቅድላችሁ አውቃለሁ፤ ምርጥ ምድጃ ግን የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። በኤሌክትሪክ ከምትጋግር ሴት እንጀራ መግዛትም ያው ነው።

ጭሱን ካነሳን አይቀር፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከቤት ውስጥ ጭስ ጋር በተያያዘ በዓመት 3 ሚሊዮን ገደማ ሰው ያለ ዕድሜው እንደሚሞት ይናገራል። አብዛኛውን ጊዜ ጭሱ አጠገብ የሚቀመጡት እናቶችና በጀርባቸው ያዘሏቸው ሕፃናት ናቸው። ለአየሩ ብለሽ የምታደርጊው ነገር መጀመሪያ የሚጠቅመው የእማማን ሳንባ ነው።

ቡናውን በተመለከተ ትቼው እንዳልፍ ፈልጌ ነበር፤ ምክንያቱም ቡና ቡና ብቻ አይደለም። ረከቦቱ፣ ዕጣኑ፣ አቦል ቶና በረካው፣ የጎረቤት ወሬው አብሮ አለ። ይህን በካርቦን ስም ከሚነካ ሰው ጋር አልስማማም። ነገር ግን ቡናውን በኤሌክትሪክ ስቶቭ ቆልተሽ፣ ጀበናውንም እዚያው አፍልተሽ፣ ለዕጣኑና ጀበናውን ለማሞቅ ጥቂት ፍም ብቻ ብታቀርቢ ሥርዓቱ ሳይጎድል ከሰሉ በብዙ ይቀንሳል። ከዚህም የሚሻለው አሮጌው ልማዳችን ነው፤ መጠራራት። ጠዋት ጠዋት ሦስት ጎረቤት በየቤቷ ማንደጃ ከምትለኩስ ተራ ገብታችሁ አንድ ቤት ብትጠጡ ሦስት እሳት አንድ ይሆናል። እናቶቻችን እንዲህ ነበር የሚያደርጉት፤ የተውነው በቅርቡ ነው። ቡናው ሲያበቃ የተረፈውን ፍም በውኃ አታጥፊው፤ በክዳን ወይም በአመድ አፍነሽ አስቀምጪው፣ ነገ ይነድዳል። በር ዘግቶ ግን በፍጹም ከሰል አይነድም። በክረምት ለሙቀት ብለው ማንደጃ ይዘው ተኝተው ያልነቁ ሰዎች ታሪክ በየሰፈሩ አለ።

አሁን ደግሞ ባለቤትሽ። ስለ መኪናው የምለውን ጋዜጣውን ይዘሽ አታንብቢበት፤ ሒሳቡን ብቻ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ስጪው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲነድ 2.3 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። በቀን 20 ኪሎ ሜትር፣ በዓመት 300 ቀን ቢነዳ 6,000 ኪሎ ሜትር ነው። መኪናው ለ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ቢጠጣ በዓመት 480 ሊትር፣ ከ1,100 ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። የአንድ ኢትዮጵያዊ የዓመት ድርሻ 200 ኪሎ አይሞላም ብያለሁ። ያቺ ትንሽ መኪና ብቻዋን ከአምስት ሰው በላይ ታጨሳለች ማለት ነው። ወንድምሽ «እናንተ አይደላችሁም» ያለው እስከዚያች ቀን ድረስ ነው የሚሠራው።

ባሕር ዳር ደግሞ ሜዳ ናት። ሌላው ከተማ በዳገቱ ሲያመካኝ እኛ ሳይክል ላይ ያደግን ሕዝብ ነን። ነጠላዋን አጣፍታ ሳይክል የምትነዳ ሴት እዚህ ማንንም አታስደንቅም። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ድልድይም 380 ሜትር ሆኖ ተዘርግቷል፤ ከማዶ የሚሠራ ሰው በሳይክል ተሻግሮ ይደርሳል። ባለቤትሽ ለመኪናው ካጠራቀመው ላይ ቀንሶ ደህና ሳይክል፣ ለልጆቹም አንድ አንድ ቢገዛ፣ የቀረው ለምጣዱና ለመስመር ዝርጋታው ይተርፋል። ሲዘንብ ባጃጅ አለ፤ ሦስት ሰው ተጋርቶ የሚሄድበት ባጃጅ ብቻውን ከሚነዳ መኪና ይሻላል። እማማን ሐኪም ቤት ለማመላለስ ከሆነ ሐሳቡ፣ በወር ሁለቴ ኮንትራት መያዝ መኪና ቀልቦ ከማቆየት ይቀላል። «የለም፣ መኪና የግድ ነው» ካለ ደግሞ ትንሽ ይታገሥ። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ተከልክሏል፤ ወደፊት ያለው የኤሌክትሪኩ ነው። ከውኃ በሚመነጭ መብራት የሚሞላ መኪና ላይ የምከራከረው ነገር የለኝም።

ስለ አውሮፕላን ብዙ አልልሽም። አዲስ አበባ ለሐዘን ወይም ለሕክምና መሄድ ሲኖርባችሁና መንገዱ ሲያሰጋ በአየር ሂዱ፤ ሰው ነፍሱን ከመጠበቅ የሚያስቀድመው የለም።

ሌላውን በአጭሩ ልበል፤ አብዛኛውን ድሮም ታደርጉታላችሁና። ከብት የሚያወጣው ሚቴን በዓለም ላይ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ሥጋ ቀንሱ የሚባለውም ለዚህ ነው። ዓርብና ረቡዑን፣ ዐቢይ ጾሙን፣ ፍልሰታውን ጨምሮ የሚጾም ቤት ግን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ከሥጋም ከወተትም ይርቃል። ይህን ለልጅሽ ንገሪያት፤ ሽሮና ምስሯ በዚህ ሒሳብ ትልቅ ቦታ አላቸው። የተረፈ እንጀራ ድርቆሽ ይሁን። የልጣጭና የቅጠል ጥራጊ ከጓሮ ጉድጓድ ገብቶ ብስባሽ ይሁን፤ ከሌላ ቆሻሻ ጋር ተከምሮ ሲበሰብስ እሱም ሚቴን ያወጣል። ገበያ ዘንቢል ይዘሽ ውጪ፤ ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅም በ2017 ዓ.ም. ጸድቋል። የቀሩት ባለ 60 ዋት አምፖሎች ካሉ ባለ 9 ዋቱን ኤልኢዲ ቀይሪባቸው።

ችግኝ ተከላ ግን ትንሽ ልቆይበት፤ ምክንያቱም በየክረምቱ ሲተከል አየዋለሁ፣ በየሚያዝያውም ደርቆ አየዋለሁ፤ ያሳዝነኛል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሐምሌ ላይ ከደጄ አምስት ዋንዛ ተከልኩ። ሁለቱን ፍየል በላቸው። አንዱ በጥር ደረቀ። የቀሩት ሁለቱ የዳኑት ጎረቤቴ ያለው ልጅ የልብስ ማጠቢያ እጣቢያችንን ሳይሆን ንጹሕ ውኃ በየሁለት ቀኑ ከጥር እስከ ግንቦት ስላጠጣቸው፣ ዙሪያቸውንም እሾህ ስላጠርንባቸው ነው። ዛሬ ከቤቱ ጣሪያ በላይ ሆነዋል። ሐያ ተክለሽ ከምትረሺ ሁለት ተክለሽ አሳድጊ። ውኃ ዳር ባህር ዛፍ አትትከዪ፤ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ወይራ ይሁን።

ለልጅሽ ሥራ ስጫት። አንድ ደብተር ትያዝ። የካርድ ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥር በየእሑዱ ትጻፍ፣ ከጎኑ ደግሞ የሳምንቱን ከሰልና እንጨት። የከሰሉ ዓምድ እየቀነሰ ሲሄድ መጀመሪያ የምታየው እሷ ትሆናለች። ለእማማም አንብባ ትንገራቸው፤ ከልጅ ልጅ አፍ ሲሰሙት ከእኔም ከአንቺም ይልቅ ይገባቸዋል።

ምጣዱ ሲመጣ ካርቶኑን አንቺ አትክፈቺው። ቅዳሜ ገበያ ከእማማ ጋር ሂዱና ጎመን ዘሩን እሳቸው ይምረጡት። ሊጡ ሐሙስ ማታ እንዲደርስ አድርጋችሁ አቡኩት፤ ዓርብ ጾም ስለሆነ በሽሮ ትቀምሱታላችሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቢጣበቁ ዝም በይ፣ እሳቸው ያውቁበታል። ሦስተኛው ወይም አራተኛው እንዴት እንደወጣ ጻፊልኝ።